ሄሞፊሊያ እና የመገጣጠሚያ ጤና፦ መቼ ማረፍ፣ መቼ መንቀሳቀስ ይገባል?

ሄሞፊሊያ ሲባል ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ቆዳ ሲቆረጥ አልቆም የሚል ደምን ነው። ትንሽ የቆዳ መቆረጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ ተጭነው ሲይዙት ይቆማል። የብዙ ታማሚዎችን ሕይወት የሚለውጠው ከውጭ የማይታየው፣ በጉልበት፣ በክርን እና በቁርጭምጭሚት ውስጥ የሚፈሰው ደም ነው። ከባድ ሄሞፊሊያ ያለባቸውን ሰዎች ከሚያጋጥማቸው ብርቱ የመድማት ችግር ከ70 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው በመገጣጠሚያ ውስጥ የሚከሰት ነው።

በተደጋጋሚ የደማ ጉልበት ቀስ በቀስ መዘርጋት ያቅተዋል። ልጁ ያነክሳል፣ ከትምህርት ይቀራል፣ አድጎም የሚመርጠው የሥራ ዓይነት ይጠብበታል። ደስ የሚለው ነገር አብዛኛውን ይህን ጉዳት መከላከል ወይም መቀነስ መቻሉ ነው። ለዚህም ታማሚውና ቤተሰቡ ሁለት ነገሮችን ለይተው ማወቅ አለባቸው፤ መገጣጠሚያው እረፍት የሚፈልግበትን ጊዜ እና እንቅስቃሴ የሚፈልግበትን ጊዜ።

ሄሞፊሊያ ምንድን ነው?

ደም ከሥሩ ሲወጣ እንዲረጋ የሚያደርጉ፣ ፋክተር ተብለው የሚጠሩ ፕሮቲኖች አሉ። ፋክተር 8 ሲጎድል ሄሞፊሊያ ኤ፣ ፋክተር 9 ሲጎድል ደግሞ ሄሞፊሊያ ቢ ይባላል። ሄሞፊሊያ ያለበት ሰው ደሙ ከሌላው ሰው በፍጥነት አይፈስም፤ ነገር ግን ለረጅም ጊዜ ይፈሳል።

የሕመሙ ደረጃ በደም ውስጥ ባለው የፋክተር መጠን ይለያል፦

• ከባድ፦ የፋክተሩ መጠን ከጤናማው ከ1 በመቶ በታች ሲሆን፤ ያለ ምንም ጉዳት በራሱ ሊደማ ይችላል።
• መካከለኛ፦ ከ1 እስከ 5 በመቶ ሲሆን፤ ብዙውን ጊዜ ከቀላል ጉዳት በኋላ ይደማል።
• ቀላል፦ ከ5 እስከ 40 በመቶ ሲሆን፤ ችግሩ በአብዛኛው የሚታየው ከቀዶ ሕክምና፣ ከጥርስ መነቀል ወይም ከከባድ ጉዳት በኋላ ነው።

ሕመሙ የሚተላለፈው በኤክስ ክሮሞዞም በኩል ስለሆነ ባብዛኛው የሚታመሙት ወንዶች ናቸው። ጂኑን የተሸከመች እናት ለምትወልደው ወንድ ልጅ የማስተላለፍ ዕድሏ በእያንዳንዱ እርግዝና ግማሽ በግማሽ ነው። ሄሞፊሊያ ያለበት አባት ሴት ልጆቹ ሁሉ ጂኑን ይወርሳሉ፤ ወንድ ልጆቹ ግን ሕመሙን ከእሱ አይወርሱም። ጂኑን የተሸከሙ ሴቶችም አንዳንዶቹ የፋክተር መጠናቸው ዝቅተኛ ስለሚሆን በወር አበባ ወይም በወሊድ ጊዜ ብዙ ሊደሙ ይችላሉ። ስለዚህ እነሱም ሊመረመሩ ይገባል።

ከታማሚዎቹ አንድ ሦስተኛ ያህሉ በቤተሰባቸው ውስጥ ሄሞፊሊያ ታይቶ አያውቅም። “በዘራችን የለም” ማለት ብቻውን ሕመሙ የለም ማለት አይደለም። የእናት ጥፋትም፣ እርግማንም አይደለም። በአገራችን ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ፍንጭ ከግርዛት በኋላ አልቆም ያለ ደም ነው። በእናት ወገን እንዲህ ያለ ታሪክ ካለ ልጁ ከመገረዙ በፊት ደሙ ሊመረመር ይገባል።

ደም መገጣጠሚያን የሚጎዳው እንዴት ነው?

መገጣጠሚያ ሁለት አጥንቶች የሚገናኙበት ቦታ ነው። የአጥንቶቹ ጫፍ እንዳይፋተግ በለስላሳ ካርቲሌጅ ተሸፍኗል። መገጣጠሚያውን ከውስጥ የሚያለብሰው ስስ ሽፋን ደግሞ እንደ ዘይት የሚያለሰልስ ፈሳሽ ያመነጫል። ይህ ሽፋን በደም ሥሮች የተሞላ ነው፤ መድማቱም የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከእሱ ነው።

ደም ወደ መገጣጠሚያው ሲፈስ ሽፋኑ ደሙን ለማጽዳት ይሞክራል። ከደሙ የሚቀረው ብረት ግን በሽፋኑ ላይ ይከማችና ያስቆጣዋል። የተቆጣ ሽፋን ያብጣል፣ ይወፍራል፣ አዳዲስ የደም ሥሮችንም ያበቅላል። እነዚህ አዳዲስ ሥሮች ስስ ስለሆኑ በቀላሉ እንደገና ይደማሉ። አንዱ መድማት ለሚቀጥለው በር ይከፍታል ማለት ነው። በዚህ መሐል ካርቲሌጁ እየተበላ ይሄዳል፤ አንዴ ከጠፋ ደግሞ ወደ ነበረበት አይመለስም።

በ6 ወር ጊዜ ውስጥ 3 ወይም ከዚያ በላይ ጊዜ በራሱ የደማ መገጣጠሚያ ልዩ ክትትል ያስፈልገዋል። ልጅዎ ደጋግሞ በአንድ ጉልበት ወይም በአንድ ቁርጭምጭሚት የሚደማ ከሆነ ቀኑን ጽፈው ይያዙና ለሐኪምዎ ያሳዩ።

“ወለምታ ነው” ከማለትዎ በፊት

የመገጣጠሚያ መድማት ከማበጡ በፊት ራሱን ያስታውቃል። ትልልቅ ልጆችና አዋቂዎች መገጣጠሚያው ውስጥ የመንዘር፣ የመሞቅ ወይም የመጨናነቅ ስሜት ይሰማቸዋል። ብዙዎች “ሊደማ እንደሆነ ይታወቀኛል” ይላሉ፤ ይህን አባባል አይናቁት። ሕክምና ለመጀመር ከሁሉ የተሻለው ሰዓት ያ ነው።

በኋላ የሚከተሉት ምልክቶች ይመጣሉ፦

• መገጣጠሚያው ማበጥና ሲነካ መሞቅ
• ሕመም
• መታጠፍ ወይም መዘርጋት አለመቻል

መናገር የማይችል ሕፃን ከሆነ ባሕሪውን ይመልከቱ። በአንድ እጁ መጫወት ካቆመ፣ መዳህ ወይም መራመድ እምቢ ካለ፣ ካነከሰ ወይም ልብስ ሲቀየርለት አንድ እግሩ ሲነካ ካለቀሰ መገጣጠሚያው እየደማ ሊሆን ይችላል። ሄሞፊሊያ ያለበት ልጅ መገጣጠሚያው ሲያብጥ፣ ሌላ ምክንያት እስኪረጋገጥ ድረስ፣ እንደ ደማ ይቆጠር።

መድማት ሲጀምር ምን ላድርግ?

ዋናው ሕክምና የጎደለውን ፋክተር መተካት ነው። ፋክተር በቤትዎ ካለና እንዲሰጡ ከሠለጠኑ ወዲያውኑ ይስጡ፤ በመጀመሪያዎቹ 2 ሰዓታት ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። እብጠት እስኪታይ አይጠብቁ። ፋክተር ከሌለዎት ወደ ሕክምና ተቋም ይሂዱ። ከፋክተሩ ጎን ለጎን፣ ወይም በጉዞ ላይ ሳሉ፣ የሚከተሉትን ያድርጉ፦

• ማሳረፍ፦ በደማው እግር መቆም ወይም መራመድ ይቁም፤ ክራንች ካለ ይጠቀሙ። የደማው ክርን ከሆነ ክንዱን በሻሽ ወይም በነጠላ አንገት ላይ ያንጠልጥሉ።
• ማቀዝቀዝ፦ በረዶን በፎጣ ጠቅልለው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይያዙ፤ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ልዩነት ይደግሙታል። በረዶ በቀጥታ ቆዳ ላይ አይደረግም። በረዶ ከሌለ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ፎጣ ይጠቀሙ።
• በፋሻ መያዝ፦ በሚለጠጥ ፋሻ በመጠኑ ይጠቅልሉ። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ቀለማቸው ከተለወጠ ፋሻውን ያላሉ።
• ከፍ ማድረግ፦ የደማውን እግር ወይም እጅ ትራስ ላይ ከፍ አድርገው ያስቀምጡ።

ለሕመሙ ፓራሲታሞል በዕድሜና በክብደት መጠን ሊወሰድ ይችላል።

መደረግ የሌለባቸው ነገሮች

አንዳንድ የተለመዱ መፍትሔዎች ለሄሞፊሊያ ታማሚ አደገኛ ናቸው፦

• ወጌሻ ዘንድ ወስዶ ማሳሸት ወይም ማስጎተት። የታሸ የደማ መገጣጠሚያ የበለጠ ይደማል፤ ጡንቻውም አብሮ ሊደማ ይችላል።
• አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን እና ዳይክሎፌናክ። እነዚህ ደም እንዲረጋ የሚያግዙትን ሕዋሳት ሥራ ያዳክማሉ። “ለቁርጥማት” ተብሎ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ኪኒን ምን እንደሆነ ሳያውቁ አይውሰዱ።
• በጡንቻ ላይ የሚሰጥ መርፌ። ጡንቻ ውስጥ ትልቅ መድማት ያስከትላል። ልጅዎ ክትባት ሲወስድ ሄሞፊሊያ እንዳለበት አስቀድመው ይናገሩ፤ በቆዳ ሥር የሚሰጥበት ወይም በቀጭን መርፌ ተወግቶ ቦታው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ተጭኖ የሚያዝበት መንገድ አለ። ክትባት ግን አያስቀሩ።
• ዋግምትና መበጣት።
• እየደማ ያለ መገጣጠሚያን በሙቅ ውሃ በተነከረ ጨርቅ መያዝ ወይም በቅባት ማሸት።
• ፋክተር ሳይሰጥ ከመገጣጠሚያው ውስጥ ደም በመርፌ ማስቀዳት።

ከእረፍት ወደ እንቅስቃሴ

ብዙ ቤተሰቦች ይህን ምዕራፍ ይዘሉታል። ሕመሙ ሲቀንስ ልጁ ወዲያው ተነሥቶ ይሮጣል፣ ወይም ደግሞ “እንዳይደማብን” ተብሎ ለሳምንታት አልጋ ላይ ይቆያል። ሁለቱም ይጎዳሉ።

የደማ ጉልበት ታጥፎ ሲቀመጥ ሕመሙ ይቀልለዋል። ስለዚህ ታማሚው ከጉልበቱ ሥር ትራስ አድርጎ ታጥፎ መተኛት ይመርጣል። በመጀመሪያው ቀን እንደሚመቸው መሆኑ ችግር የለውም። ጉልበቱ እንደታጠፈ ብዙ ቀን ከቆየ ግን ጡንቻዎቹና ጅማቶቹ ያጥራሉ፤ በኋላ አልዘረጋም ይላል። በሌላ በኩል የጭን ጡንቻ ሥራ ሲያቆም በጥቂት ቀናት ውስጥ መሟሸሽ ይጀምራል። ደካማ ጡንቻ ደግሞ መገጣጠሚያውን ደግፎ መያዝ ስለማይችል ቀጣዩን መድማት ያቀርባል።

በአጠቃላይ ቅደም ተከተሉ ይህን ይመስላል፦

1. መድማቱ እስኪቆምና ሕመሙ መቀነስ እስኪጀምር ማረፍ።
2. ሕመሙ መቀነስ ሲጀምር መገጣጠሚያውን ሳያንቀሳቅሱ ጡንቻውን ብቻ ማሠራት። ለምሳሌ ጉልበት ከሆነ፣ እግርን ዘርግቶ ጉልበትን ወደ ፍራሹ በቀስታ መጫን፣ የጭንን ጡንቻ ለ5 ሰከንድ ያህል አጥብቆ መልቀቅ፣ 10 ጊዜ መድገም፤ ይህን በቀን ጥቂት ጊዜ ማድረግ።
3. ቀጥሎ ታማሚው በራሱ ኃይል፣ ሕመም እስከማይሰማው ድረስ ብቻ፣ ቀስ ብሎ ማጠፍና መዘርጋት። ሌላ ሰው አስገድዶ መዘርጋት የለበትም።
4. ጉልበቱ ወደ ቀድሞው መዘርጋት ሲመለስና እብጠቱ ሲጠፋ፣ በክራንች እየታገዙ መራመድ፣ ከዚያም ያለ ክራንች።
5. ጡንቻው እንደ ሌላኛው እግር ሲጠነክር ወደ ጨዋታና ወደ ስፖርት መመለስ።

በየትኛውም ደረጃ ላይ ሕመሙ፣ ሙቀቱ ወይም እብጠቱ ከተመለሰ ያቁሙና ወደ ሐኪምዎ ይሂዱ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ካገኙ ልምምዱን በእሱ ምክር ያድርጉ። ልጁ ጤነኛ በሆነበት ጊዜ የእያንዳንዱን መገጣጠሚያ መታጠፍና መዘርጋት እንዲለካ ያስጠይቁ፤ ከመድማት በኋላ ወደ ነበረበት መመለሱን ለማወቅ ያ ልኬት ይጠቅማል።

የትኛው እንቅስቃሴ ይሻላል?

ሄሞፊሊያ ያለበት ሰው ሳይደማ ባለበት ጊዜ መንቀሳቀስ አለበት። ጠንካራ ጡንቻ ለመገጣጠሚያ እንደ ድጋፍ ነው። እንቅስቃሴ አጥንትን ያጠነክራል፤ ክብደት እንዳይጨምርም ያግዛል፤ እያንዳንዱ ተጨማሪ ኪሎ በጉልበትና በቁርጭምጭሚት ላይ የሚያርፍ ሸክም ነውና።

• የሚመረጡ፦ የእግር ጉዞ፣ ዋና፣ በሜዳማ ቦታ ብስክሌት መንዳት፣ ጠረጴዛ ቴኒስ።
• ከሐኪም ጋር ተመካክሮ፣ እንደ ሕክምናው ሁኔታ የሚወሰኑ፦ እግር ኳስ፣ ቅርጫት ኳስ፣ ረጅም ሩጫ።
• የማይመከሩ፦ ቦክስ፣ ትግል እና ሌሎች መመታታት ያለባቸው ስፖርቶች።

በየሰፈሩ ኳስ በሚመታበት አገር ልጅን “አትጫወት” ማለት ከባድ ነው። ከመከልከል ይልቅ ምን መጫወት እንደሚችል አብረው ይወስኑ። ቁርጭምጭሚትን ደግፎ የሚይዝ ጫማም ይግዙለት።

መድማትን አስቀድሞ መከላከል

ስዊድን ውስጥ በማልሞ ከተማ የነበሩ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ አንድ ነገር ልብ አሉ፤ መካከለኛ ሄሞፊሊያ ያለባቸው ሰዎች መገጣጠሚያቸው እምብዛም አይጎዳም። ስለዚህ ከባድ ሄሞፊሊያ ላለባቸው ልጆች ፋክተርን በየጊዜው በመስጠት መጠኑን ከ1 በመቶ በላይ ለማቆየት ሞከሩ። ይህ አሰጣጥ ዛሬ የመከላከያ ሕክምና ይባላል።

እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ከባድ ሄሞፊሊያ ኤ ያለባቸውን 65 ሕፃናት ተከታተለ። 6 ዓመት ሲሞላቸው በኤምአርአይ ሲታዩ፣ በመደበኛነት ፋክተር ሲወስዱ ከነበሩት 93 በመቶው፣ ሲደሙ ብቻ ከታከሙት ደግሞ 55 በመቶው የተመረመሩት መገጣጠሚያዎቻቸው ደህና ነበሩ። የመከላከያ ሕክምና ከተገኘ ቀደም ብሎ፣ መገጣጠሚያው ሳይጎዳ መጀመሩ ይመረጣል።

ለሄሞፊሊያ ኤ ኤሚሲዙማብ የሚባል መድኃኒትም አለ። በቆዳ ሥር የሚወጋ ሲሆን በየሳምንቱ፣ በየ2 ሳምንቱ ወይም በየ4 ሳምንቱ ይሰጣል። መድማትን ይከላከላል እንጂ የጀመረን መድማት ለማቆም አይሰጥም። ለሄሞፊሊያ ቢም አያገለግልም።

ፋክተር ሲሰጥ ከበፊቱ ያነሰ ለውጥ ካዩ ለሐኪምዎ ይንገሩ። የአንዳንድ ታማሚዎች ሰውነት ፋክተሩን የሚያከሽፍ ፀረ እንግዳ አካል ያመነጫል፤ ይህ በደም ምርመራ ይታወቃል፣ ሕክምናውም ይለያል።

ፋክተር በቀላሉ በማይገኝበት ቦታ

በኢትዮጵያ ፋክተር በየመድኃኒት ቤቱ አይሸጥም። በአዲስ አበባ የጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሄሞፊሊያ ታማሚዎች ክትትል ከሚያገኙባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። የዓለም ሄሞፊሊያ ፌዴሬሽንም አቅርቦት ለሚያንሳቸው አገሮች መድኃኒት በእርዳታ ይሰጣል። የሚኖሩት ከአዲስ አበባ ውጭ ቢሆንም የመጀመሪያ ምርመራዎንና የክትትል ዕቅድዎን በስፔሻሊስት ደረጃ ማስያዝ ይጠቅማል። የሚከተሉትን ከአሁኑ ያዘጋጁ፦

• የሕመሙን ዓይነት ይወቁ። ፋክተር በሌለበት ጊዜ ሐኪሞች ክራዮፕረሲፒቴት የተባለ ከደም የሚዘጋጅ ምርት ሊሰጡ ይችላሉ፤ ይህ ፋክተር 8 እንጂ ፋክተር 9 የለውም። ለሄሞፊሊያ ቢ በእሱ ፈንታ ፕላዝማ ይሰጣል።
• ዓይነቱን፣ ደረጃውን፣ የደም ዓይነትን፣ ክብደትን እና የሚከታተልዎን ሐኪም ስልክ የያዘ ወረቀት ሁልጊዜ ይያዙ።
• ወደ ቅርብ ሆስፒታል አስቀድመው ሄደው ሁኔታውን ያስረዱ፤ ማታ ምን እንደሚደረግና ትራንስፖርት ከየት እንደሚገኝ ከቤተሰብ ጋር ይወስኑ።
• ከውጭ አገር ወደ ኢትዮጵያ ቤተሰብ ለመጠየቅ የሚመጡ ከሆነ ለቆይታዎ የሚበቃ መድኃኒትና የሐኪም ደብዳቤ ይዘው ይምጡ።

መገጣጠሚያዬ አስቀድሞ ከተጎዳስ?

ዕድሜ ልካቸውን ያለ በቂ ፋክተር የኖሩ ብዙ አዋቂዎች ያልተዘረጋ ጉልበት ወይም የማይታጠፍ ክርን አላቸው። ለእነሱም የሚደረግ ነገር አለ። በየቀኑ የሚደረግ የጡንቻ ልምምድ ሕመምን ይቀንሳል። አንዱ እግር ካጠረ ጫማ ውስጥ የሚገባ ከፍታ፣ ምርኩዝ ወይም የጉልበት ድጋፍ አካሄድን ያስተካክላል። በጣም የተጎዳ ጉልበት ወይም ዳሌ በቀዶ ሕክምና በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ሊተካ ይችላል፤ ይህ የሚደረገው ግን በቂ ፋክተርና ልምድ ያለው ቡድን ባለበት ብቻ ነው።

ሕመም እንቅልፍን ይነሳል፣ እንቅልፍ ማጣትም ተስፋ ያስቆርጣል። የማያቋርጥ ሐዘን፣ ከሰው መራቅ ወይም ከሥራ መቅረት ካለ እንደ ጉልበቱ ሕመም ሁሉ ይህንንም ለሐኪምዎ ይንገሩ።

ትምህርትና ሥራ

ለልጁ መምህራን ሕመሙን ያስረዱ፤ አይተላለፍም፣ በቆመ ጊዜ ልጁ እንደማንኛውም ተማሪ ነው። ሲደማ ለማን እንደሚደወል፣ ምን እንደማይሰጠው በጽሑፍ ይስጧቸው። መምህሩ በአካል መቅጣት እንደሌለበትም በግልጽ ይንገሯቸው። የሥራ መስክ ሲመረጥ ከባድ ሸክም ከማይጠይቅ ሙያ ጋር የሚሄድ ትምህርት እንዲይዝ ቀደም ብለው ያግዙት። ከትምህርት የቀረ ልጅ በኋላ የሚቀርለት የጉልበት ሥራ ነው፤ የተጎዳ መገጣጠሚያ ደግሞ ይህን አይችልም።

በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያለብዎት መቼ ነው?

• ጭንቅላት ከተመታ፣ ምልክት ባይታይም፤ ከባድ ራስ ምታት፣ ትውከት ወይም መፍዘዝ ካለ ደግሞ ይበልጥ። ፋክተር የሚሰጠው ምርመራው ከመጠናቀቁ በፊት ነው።
• አንገት ወይም ጉሮሮ ካበጠ፣ ለመተንፈስ ወይም ለመዋጥ ካስቸገረ።
• በብሽሽት ወይም በታችኛው ሆድ ሕመም ኖሮ እግርን መዘርጋት ካቃተና ጭን ከደነዘዘ። ይህ በዳሌ ጡንቻ ውስጥ ትልቅ መድማት ሊሆን ይችላል፤ ከትርፍ አንጀት ጋርም ይመሳሰላል።
• ጥቁር ሰገራ ወይም ደም የቀላቀለ ትውከት ካለ።
• እጅ ወይም እግር አብጦ ጣቶቹ ከደነዘዙ ወይም ከቀዘቀዙ።

ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ የቀረበ ነው፤ የሐኪምዎን ምርመራና ምክር አይተካም። ዛሬ አንድ ነገር ብቻ ማድረግ ከቻሉ አንድ ደብተር ያዘጋጁና የደማበትን ቀን፣ የደማውን መገጣጠሚያ፣ የተሰጠውን ሕክምናና እንደገና ለመራመድ የወሰደውን ጊዜ መመዝገብ ይጀምሩ። በሚቀጥለው ቀጠሮዎ ይዘውት ይሂዱ።

መልካም ጤንነት!